አንገቷን የማትደፋው የጊንጪ ተማሪ

የድህረ ምረቃ ትምህርት የገባሁት ጂኦግራፊ ልማር ነበር። አምቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ስምጥ ሸለቆ ስለፈልፍ ከርሜ፣ ጠመኔና አቧራ በቃኝ ብዬ፣ አዲስ አበባ ገብቼ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የመሆን ምኞት አድሮብኝ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ሰው የሚማረውን አይመርጥም፤ ይመደባል። ምደባው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በስሜ ትይዩ «ልዩ ትምህርት» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ግልፍተኛ ነኝ፤ ዛሬም አልተወኝም። የሬጅስትራሩን በር በርግጄ ገባሁና ይሄ ምን ዓይነት ቀልድ ነው አልኩ። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ «ጓድ፣ ጂኦግራፊ ሞልቷል፤ ልዩ ትምህርት ጎድሏል። የጎደለውን መሙላት ነው» አለኝ። ሞላሁ።

አምቦ ያለችው እናቴ ዜናውን ስትሰማ «ጌታ ይመስገን፣ ልጄን ለልዩ ነገር መረጧት» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። እኔም ደስታዋን ላበላሽባት አልፈለግኩም።

አምስት ነበርን። አምስታችንም ከየክፍለ ሀገሩ የመጣን አስተማሪዎች ነን፤ አምስታችንም ሌላ ነገር ጠይቀን እዚያ የተጣልን። የሚያስተምሩን ከቀዝቃዛ አገር ተምረው የተመለሱ፣ በግንቦት ፀሐይ እንኳ ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሴት ዶክተር ነበሩ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ኦቲዝም» ብለው ጻፉ። ያን ጊዜ ቃሉን የሚያውቅ ሰው በአገሩ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ይመስለኛል።

«ሰው መሃል እየኖረ፣ እኛ ሁላችን ማንም ሳያስተምረን የምናውቀው የሰው ደንብ ለእሱ ብቻ ተደብቆበት የሚያድግ ልጅ አስቡ» አሉን። «ደደብ አይደለም። ደንቆሮ አይደለም። ጋኔን የለበትም። ባለጌም አይደለም። አስተማሪው ግን ከአራቱ አንዱን ይለዋል።»

እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ከአራቱ የትኛውን ስንት ጊዜ እንዳልኩ በልቤ ቆጥሬ አፈርኩ። ለቃሉ የአማርኛ ስም ስንፈልግለት ደግሞ ሁለት ቀን ፈጀን። ከጎጃም የመጣው ጓደኛችን ግእዝ እየጠቀሰ ማንም ሊጠራው የማይችል ረጅም ስም አወጣለት። እኔ ተቃወምኩ፤ ተኳረፍን፤ በሦስተኛው ቀን «ኦቲዝም ይባል» ብለን ታረቅን።

በሁለተኛው ዓመት እያንዳንዳችን ወደየአገራችን ሄደን፣ እንዲህ ያለ ተማሪ አንድ ብቻ ፈልገን፣ አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ አብረን ቆይተን፣ ለአስተማሪውም የሚረዳ ነገር አግኝተን ጽፈን እንድንመለስ ታዘዝን። ጥሩ የሠራ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ሆኖ ይቀራል የሚል ወሬ ነበር። አልደብቅም፣ ልቤ ያለው እዚያ ላይ ነበር።

ልጅቷን ያገኘኋት ሳልፈልጋት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ጊንጪ ገበያውን አልፎ መፍጠን ሲጀምር ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ያዘ። ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ይዘውት የነበረው የእንቁላል ቅርጫት ጉልበቴ ላይ ተገለበጠ። እንቁላሉን እየጠረግሁ በመስኮት ሳይ፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ የትምህርት ቤት ደብተሯን ይዛ አስፋልቱ መሃል ቆማለች። ሾፌሩ ወርዶ ከእናቷ እስከ ቅድመ አያቷ ሰደባት። እሷ አንገቷን አልደፋችም፣ አላለቀሰችም፤ የሚንቀሳቀሰውን ጢሙን ትክ ብላ ታያለች። ወዲያው ከትምህርት ቤቱ በር ወፍራም ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አስተማሪ እያለከለኩ ደረሱና «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ኮቱ» እያሉ፣ በኦሮምኛ ነይ ልጄ እያሉ፣ እጇን ይዘው ተመለሱ። እኔም ሻንጣዬን አውርዱልኝ አልኩ። ለአምቦ አርባ ኪሎ ሜትር ይቀራል፣ ቀሚሴ እንቁላል በእንቁላል ሆኗል፤ እኔ ግን ጊንጪ ላይ ወረድኩ።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩ ሰው ነበሩ። «ይሄ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው» አሉኝ። «አውቶቡስ ጥሩንባ ሲነፋ ከክፍል ወጥታ ወደ አስፋልት ትሮጣለች። ከመኪና ሥር ብትገባ ተጠያቂው እኔ ነኝ። እስከ ትምህርት መዝጊያ ትቆይ፤ ለሚመጣው ዓመት ግን አልመዘግባትም።» ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ እንቁላሉንም ጨምሮ። «ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ከሆነ፣ ልጅቷ መማር ትችላለች የሚል በማስረጃ የተደገፈ ወረቀት ያምጡልኝ። ለኮሚቴ አቀርበዋለሁ።»

የልጅቷ እናት ሱቅ መንገዱ ዳር ነው። ቤተሰቡ ከደቡብ የመጣ የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ ነው፤ አባትየው ዕቃ ሊያመጣ እየሄደ ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት። ላምባ እየሰፈረች፣ ሳሙና እየሸጠች፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳትነቅል ሰማችኝ። ልጅቷ ባንኮኒው ሥር እጇን እስከ ክርኗ ምስር ጆንያ ውስጥ ከትታ ተቀምጣለች።

«ቲቸር፣ እኔ ዶክተር ትሁንልኝ አላልኩም» አለችኝ እናትየው። «ቤት ስትውል በሩን ስትደበድብ ነው የምትውለው። ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ግን ወላሂ፣ በጠዋት ጫማዋን ራሷ ነው የምታመጣው። ጫማ የሚያመጣ ልጅ እንዴት ተመለሺ ይባላል?»

ወረቀቱን አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ቃል መግባት ለእኔ ቀላል ነው።

ዶክተሯ የሰጡን በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሠላሳ ጥያቄ ያለው መመዘኛ ነበር። ወደ አማርኛ መለስኩት። «ሲያናግሩት የሰው ዓይን አያይም።» «ለማያውቀው ሰው አይመልስም።» «የተባለውን ቃል መልሶ ይደግማል።» «ቦታው ሲለወጥ ይረበሻል።» እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ «አዎ» የበዛበት ልጅ ችግር አለበት ማለት ነው። ለልጅቷ ብቻ ብሞላ ማን ያምነኛል፣ ከሌሎቹ ጋር ላወዳድራት እንጂ ብዬ፣ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ልሞላ ተነሳሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለኔ ዓይነቱ ነው።

በማለዳ አውቶቡስ ከአምቦ እየመጣሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቹን አንድ በአንድ አስጠራሁ። ልጅ ይመጣል፤ እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ አንገቱን ይደፋል። «ስምህ ማን ነው?» ዝም። «ስንት ዓመትህ ነው?» በእግሩ ጣት መሬቱን ይጭራል። በኦሮምኛ ስጠይቀው ደግሞ መልሱን በሹክሹክታ ለጫማዬ ይነግረዋል። የሰው ዓይን አያይም፦ አዎ። ለማያውቀው ሰው አይመልስም፦ አዎ። ቃል መድገሙን ለማየት ክፍል ስገባ፣ ሽማግሌው አስተማሪ «ሀ» ሲሉ ዘጠናው ልጅ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ «ሀ!» ይላል። ለሁሉም አዎ። የቦታው ጉዳይማ አይነሳ፤ አንድ አግዳሚ ላይ አምስት ሆነው የተጣበቁ ልጆች ቦታዬን ተቀማሁ እያሉ በቀን ሦስቴ ይደባደባሉ። አዎ፣ አዎ፣ አዎ።

ልጅቷ ተራዋ ሲደርስ ሳትጠራ መጣች። ጉልበቴ ላይ ለመቀመጥ ምንም አልቀራት፤ ጉትቻዬን ይዛ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ስምሽ ማን ነው ስላት ጸጉሬን አሸተተችና «ቅቤ» አለች። እውነቷን ነው፤ እናቴ የዚያን ሰሞን ቀብታኝ ነበር። እንግዲህ ምን ልጻፍ? የሰው ዓይን አያይም፦ ስታየኝ ቆይታ? አይደለም። ለማያውቀው ሰው አይመልስም፦ ያውም እውነቱን ነገረችኝ እንጂ። አይደለም። የተባለውን ይደግማል፦ ዘጠናው ሲጮህ እሷ ጆሮዋን ይዛ ዝም ነው የምትለው። አይደለም።

ደምሬ ስጨርስ ክው አልኩ። ዘጠናው ልጅ ችግር አለበት፤ ከክፍሉ ጤነኛዋ ልጅቷ ብቻ ናት። የሚገርመው ሳቅ አልመጣልኝም። እንዲያውም ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ውሃው ይሆን? ከፍታው ይሆን? የጥንቷ የጂኦግራፊ አስተማሪ ተነሳችብኝና የጊንጪን አፈርና የዝናብ መጠን የሚያሳይ ካርታ በሦስት ቀለም ስዬ አያያዝኩበት። በማግስቱ አዲስ አበባ ሄጄ ዶክተሯ ቢሮ ገባሁ።

«ዶክተር፣ የጊንጪ ልጆች በሙሉ ችግር አለባቸው» አልኩ።

ወረቀቱን አገላበጡ። ካርታውን አዩ። መልሰው ወረቀቱን አገላበጡ። ከዚያ ሻያቸውን አስቀመጡና «እስቲ ቀና ብለሽ እዪኝ» አሉ። ቀና አልኩ፤ ወዲያው ዓይኔን መለስኩ።

«ሁለት ዓመት አስተምሬሻለሁ። የመነጽሬ ክፈፍ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። መነጽር ማድረጋቸውን ራሱ እርግጠኛ አልነበርኩም።

«ከገባሽ ጀምሮ የምታዪው ሲኒዬን ነው። ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሳደገሽ?»

«እናቴ» አልኩ ለሲኒው።

«የጊንጪን ልጆችስ ማን ያሳደጋቸው ይመስልሻል?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ልጅ እያለሁ እንግዳ ፊት ቀና ካልኩ እናቴ ጭኔን ትቆነጥጠኝ ነበር፤ «ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን አይታይም» እያለች። ጥያቄውን የጻፈው ሰው፣ መሬት የሚያይ ልጅ በሚያሳስብበት አገር የተቀመጠ ነው። እኔ ግን ራሴ ተቆንጥጬ ያደግኩ የአምቦ ልጅ፣ ተቆንጥጠው ያደጉ ዘጠና ጨዋ ልጆችን በሽተኛ ብዬ ጽፌ፣ ካርታ ጨምሬ መጣሁ። ዶክተሯ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ላብ አጠመቃቸውና ካፖርታቸውን አወለቁ። ካፖርቱን ያለ እሳቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብመኝም፣ ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ተጋባብኝ።

ሲበርድላቸው፣ «ጥፋቱ የጋራችን ነው፤ ወረቀቱን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ወረቀቱ ልጅቷን አላያትም። አሁን አንቺ እያት። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ሰዓት ያዢ። ዓይንሽ ያየውን፣ ጆሮሽ የሰማውን ብቻ ጻፊ። በየሳምንቱ አነበዋለሁ።»

ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ደብተሬ ተመልሶ ሲመጣ በቀይ እስክሪብቶ ቆስሎ ነው። «በእልህ ተነስታ ሮጠች» ብዬ ነበር፤ «እልኋን በየትኛው ዓይንሽ አየሽው?» ይላል። «አስተማሪውን ንቃ» ብዬ ነበር፤ «ንቀት ስንት ደቂቃ ፈጀ?» ይላል። ተናደድኩ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ቦታ ቀየሩ። ደግሞ ተመለስኩና ጻፍኩ። ደግሞ ቀይ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጽሑፌ እንደ ደረቅ ቆሎ ሆነ፤ ቅባት የለው፣ ቅመም የለው፦ «ሦስት ሰዓት ከአሥር፦ አስተማሪው ሰሌዳውን ጠረጉ። ከአሥራ አንድ፦ ተነሳች፤ በር ላይ ደረሰች። ከአሥራ ሦስት፦ አውቶቡስ ጥሩንባ ነፋ።»

ይህን ጽፌ ጨርሼ ሌላ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። በር ላይ ስትደርስ ጥሩንባው ገና አልተነፋም ነበር።

ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሰኞ፦ ሰሌዳ ተጠረገ፣ ተነሳች። ረቡዕ፦ ሰሌዳ ተጠረገ፣ ተነሳች። ሐሙስ ከእረፍት በፊት ሦስት አውቶቡስ አልፏል፤ አስተማሪው ሰሌዳውን ስላልነኩ ንቅንቅ አላለችም። ጊንጪ የአምቦ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጥሩንባ የማይሰማበት ሩብ ሰዓት የለም። ልጅቷ በወጣች ቁጥር አንድ አውቶቡስ አይጠፋም። ርዕሰ መምህሩ፣ አስተማሪው፣ እናቷ፣ ሾፌሮቹ፣ ሁሉም አውቶቡስ ነው አሉ፤ እኔም አልኩ። ልጅቷ ግን ፊደሏን ገና አይታ ሳትጨርስ ከፊቷ ሲጠፋባት ነበር የምትወጣው። ከወጣች በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤቱ በር የሚያደርሰው አስፋልት ላይ ነው።

በእረፍት ሰዓት ለሽማግሌው አስተማሪ ነገርኳቸው። እሳቸው ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ የመጡ ሰው ናቸው፤ የዚያ የብርድ አገር ጋቢ ከትከሻቸው አይወርድም፤ ሰሌዳ የሚጠርጉትም ከቤታቸው ባመጡት የበግ ቆዳ ቁራጭ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ። ደብተሬን በዝግታ አነበቡና የበግ ቆዳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ጠረግሁ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። «ስጠርግ ፊቴን ወደ ሰሌዳው፣ ጀርባዬን ለልጆቹ ነው የምሰጠው። እንዴት ልየው?»

«ጋሼ፣ ባይጠርጉትስ?» አልኩ።

«ሰሌዳው አንድ፣ ልጁ ዘጠና! ሳልጠርግ የት ልጻፍ?» ብለው ተቆጡ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጠመኔ አነሱና ሰሌዳው ቀኝ ዳር ላይ፣ አንድ ስንዝር ያህል ለይተው፣ ከላይ እስከ ታች መስመር አሰመሩ። «መሬቱ ተከፋፍሎ የለ? ሰሌዳውም ይከፋፈል። ይቺ የእሷ ናት። እዚህ የጻፍኩትን እሷ ካልጠረገችው ማንም አይጠርገውም።»

በማግስቱ ጠዋት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰዓቴን ያዝኩ። «ለ» እና ቤተሰቦቹን ጻፉ፤ የእሷ ስንዝር ላይም ደገሙት። ዘጠናው ጮኸ። ከዚያ የበግ ቆዳውን አንስተው ትልቁን ሰሌዳ ጠረጉ። ልጅቷ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ፤ በሩ ላይ ልደርስባት። እሷ ግን ወደ በሩ አልሄደችም። ወደ ሰሌዳው ሄደች። ስንዝሯ ላይ ያሉትን ፊደሎች ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየነካች አየቻቸው፤ ሁሉም አሉ። ተመልሳ ተቀመጠች። ውጭ የአውቶቡስ ጥሩንባ አምባረቀ። ማንም አልዞረም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሄዳ ስንዝሯን በበግ ቆዳው ራሷ ጠረገች፤ ቀስ ብላ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር።

አለቀስኩ። ያንንም ጻፍኩት፦ «ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት፦ ተመልካቿ አለቀሰች።» ዶክተሯ ያችን መስመር በቀይ አልነኳትም።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ልጅቷ አንድም ቀን አስፋልት አልረገጠችም። ፊደሉንም ጨረሰች። ሁሉም ነገር አልተቃናም፤ ጩኸት ሲበዛ አሁንም ጆሮዋን ትይዛለች፣ የሰው ጸጉር ታሸታለች፣ ርዕሰ መምህሩንም አሽትታ «ሲጋራ» ብላቸዋለች። ግን ክፍል ውስጥ ትውላለች። እኔም ሦስት ገጽ ወረቀት በታይፕ አስመትቼ፣ ማህተም አስደርጌ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ለኮሚቴው ቀረብኩ።

ኮሚቴው ርዕሰ መምህሩ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሽማግሌው አስተማሪና ሁለቱ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዎች ነበሩ። ወረቀቱ ተነበበ። ርዕሰ መምህሩ ማህተሙን ወደ ብርሃን አድርገው አዩና «ጥሩ፤ ማስረጃ ነው» አሉ። ደስ አለኝ፤ ያበቃ መሰለኝ። «አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው» ቀጠሉ፤ «ማን ይወስዳታል? ጋሼ መስከረም ላይ ጎጆ ገብተው የሚያስተምሩት በጎቻቸውን ነው።»

ሁለቱ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዎች አንገታቸውን ደፉ። አሁን የደፉት ከጨዋነት አልነበረም። አንደኛው፣ «እኔ ዘጠና ሁለት ልጅ አለኝ፤ ላስተምር ወይስ ሰሌዳ ላከፋፍል?» አለ። ሌላው፣ «አዲስ አበባ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ይኖር ይሆናል፤ እዚያ ትላክ» አለ። እንዲህ ዓይነት ቤት አልነበረም፤ ቢኖርም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእናቷ ተነጥላ የምትሄድበት ምክንያት የለም። ደሜ ፈላ። ስለ አስተማሪ ስልጠና አንድ ሙሉ ንግግር አደረግሁ። ማንኛውም አስተማሪ ይህን መማር እንደሚችል፣ አስማት እንዳልሆነ፣ የሚያስፈልገው ሰዓትና ደብተርና አንድ ስንዝር ሰሌዳ ብቻ እንደሆነ አስረዳሁ። ጠረጴዛም መታሁ።

ርዕሰ መምህሩ እስክጨርስ ጠበቁኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ሲሉኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ተዉት። «ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ አንቺስ? ለምን አንቺ አታስተምሪያትም?»

«አስተምራታለሁ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አፌ ቀደመኝ።

ሽማግሌው አስተማሪ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ፤ እየሳቁ እንደሆነ ከትከሻቸው አወቅሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ይጠብቀኛል የተባለው የረዳት መምህርነት ወንበር፣ ልከራየው ያሰብኩት ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ከጠመኔ አቧራ የራቀው ኑሮዬ፣ ሁሉም በፊቴ ሲያልፍ ታየኝ። ንግግሬን ላለሳልስ፣ «ማለቴ…» ብዬ ስጀምር የቀበሌው ሊቀመንበር እስክሪብቶውን አነሳና «ጓድ በሙሉ ፈቃዷ ተስማምታለች፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያውም በቃለ ጉባኤ ከተያዘ።

ተናድጄ የገባሁበትን ተረጋግቼ ልወጣው እችል ነበር። ዝውውር ስጠይቅ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰው ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በድህረ ምረቃ ዲግሪ ሁለተኛ ክፍል? እህቴ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?» ሲለኝ እንኳ፣ ምንም አላጠፋሁም፣ ተሳስተው ነው ብል ይበቃ ነበር። አላልኩም። ዶክተሯም ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡኝ፤ ወንበሩን ለእኔ ይዘውልኝ ነበርና። ቀጥሎ አሰቡና፣ «እንግዲያው በየዓመቱ የምመርቃቸውን አስተማሪዎች ወዳንቺ እልካለሁ፤ የኋላ ወንበርሽን አጽጂ» አሉ። እንዳሉትም ላኩ። እነሱም ደብተራቸውን ይዘው እየመጡ፣ «በእልህ ተነሳች» ብለው እየጻፉ፣ እኔ ቀይ እስክሪብቶ እየያዝኩባቸው ዓመታት አለፉ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

የኮሚቴው ቀን ግን ይህን ሁሉ ገና አላውቅም። ከክፍሉ ስወጣ የልጅቷ እናት በገበያ ቀን ሱቋን ዘግታ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከጠዋት ጀምሮ ትጠብቃለች። ልጅቷ አጠገቧ የባሕር ዛፍ ፍሬ እየለቀመች ነው። እናትየው ስታየኝ ተነሳች፤ ግን ምንም አልጠየቀችም። በዚህ ጉዳይ ስንት ቦታ ሄዳ ስንት ጊዜ «ነገ ተመለሺ»፣ «እስቲ እናያለን» ተብላ እንደተመለሰች አውቃለሁ። የእኔን ፊት አይታ መልሱን ለማወቅ የምትሞክር ይመስለኛል፤ ፊቴ ደግሞ የደነገጠ ሰው ፊት ነበር።

«ተመዝግባለች» አልኳት። «ሁለተኛ ክፍል። አስተማሪዋ እኔ ነኝ።»

ታለቅሳለች ወይም ትመርቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም፣ አልመረቀችኝም። የልጅቷን ትከሻ ይዛ፣ «በስንት ሰዓት ላምጣት?» አለች።

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

«ሁለት ሰዓት» አልኩ።

«ሁለት ሰዓት» አለች። እንዳትረሳው የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች። ትምህርት የሚከፈተው ከሁለት ወር በኋላ ነበር።